አጎቴ አልስምህ አለኝ፤ ተቀይሞኝ ይሆን?

የወንድም ልጅ (ከአዲስ አበባ፣ አሁን ቢቸና አካባቢ) — ሐሙስ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎጃም ያደጋችሁ ወይም የአገሩን ወግ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። አባቴ ግን የቢቸና ሰው ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ታላቅ ወንድሙ እዚሁ ገጠር አለ፤ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ የመንደሩ ልጆች አያ ይሉታል። አባቴ ሲሞት መንገድ ተዘግቶበት ለቀብር አልደረሰም። እኔና እሱ ሳንተያይ ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት መጣሁ። ከአውቶብስ ስወርድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አየሁት። አባቴን ያየሁ መሰለኝ፤ አቋቋማቸው አንድ ነው። እሱም እንዳየኝ ጋቢውን ከትከሻው ወደ ክንዱ አወረደ። ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ። ቆቡን አውልቆ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እያየሁ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ደረስኩና እጄን ሰጠሁት። ከዚያ ከጓደኞቼ ጋር እንደለመድኩት በትከሻዬ ትከሻውን ገጨት አደረግሁ። እሱ ግን ወደ ጉንጬ እየመጣ ነበር። ከንፈሩ ጃኬቴ ኮሌታ ላይ አረፈ። የኮፍያዬ ጠርዝ ደግሞ ግንባሩን መታው።

ለአፍታ እንደዚያው ቆምን። ከዚያ «ደግ፣ እንኳን በደህና መጣህ» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ቤት እስክንደርስ ስለ መንገዱና ስለ ጤፉ አወራኝ። ስለ አባቴ አንድ ቃል አላነሣም። ሦስት ቀን ስቀመጥም አላነሣም።

ማታ ሚስቱ እግሬን ስታጥበኝ ቀስ ብላ «ምነው ሆድዬ፣ ሳትስመው?» አለችኝ። «በአንተ ጉንጭ ወንድሙን ሊስም ነበር እኮ የጠበቀህ።»

ይቺ ቃል ሦስት ወር ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ለፋሲካ ተመልሼ የመጣሁትም በእሷ ምክንያት ነው። ትናንት ረቡዕ ገባሁ። ዓባይ በረሃን ወጥተን ደጀን እስክንደርስ የማስበው ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ቀድሜ እስመዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ግቢው በር ላይ አገኘሁትና እጆቼን ዘርግቼ ቀረብኩ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «እንደምን ከረምክ ልጄ። ግባ» አለኝ። በቃ። እጄን እንኳ አልያዘም።

ልቤ ስብር አለ። ተቀይሞኝ ነው? ከሆነስ እንዴት ነው ይቅርታ የሚባለው፤ ሽማግሌ ልላክ? ደግሞ እባካችሁ አሳሳሙንም አስረዱኝ። ወንድና ወንድ ሲሳሳሙ ስንት ጊዜ ነው? በየትኛው ጉንጭ ይጀመራል? ማነው የሚጀምረው? አባቴ እያለ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።


ዲያቆን ነኝ (ደብረ ወርቅ) — ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ተረጋግተህ ተኛ። አጎትህ አልተቀየመህም። ሰሙነ ሕማማት እኮ ነው!

በዚህ ሳምንት ክርስቲያን ከክርስቲያን አይሳሳምም። በገጠሩ ጭራሽ አይጨባበጡም። ምክንያቱ ይሁዳ ነው። ጌታን ለያዦቹ ያመለከታቸው ስሞ ነው፤ «የምስመው እርሱ ነው» ብሎ። ያንን በማሰብ ሳምንቱን ሙሉ መሳም ይቀራል። ካህን መንገድ ላይ ብታገኝ መስቀል አያሳልምህም። ለሞተ ሰው እንኳ ፍትሐት አይደረግም፤ የሳምንቱ ፍትሐት ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረሳል። ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ቤታችሁ ጉልባን ተበልቶ ይሆናል። ነገ ስግደት ነው። እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ ማንም ማንንም አይስምም።

ከተማ ውስጥ ይህ ላልቷል። መሥሪያ ቤት ያለው ሰው በሕማማትም ሲጨባበጥ ይውላል። ስለዚህ ባታውቀው አልፈርድብህም። አጎትህ ግን ወጉን የሚጠብቅ ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለቱ ሙሉ ሰላምታ ነው፤ የጎደለ ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ይላል። እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለት ነው። «አምኃ» በግእዝ ሰላምታም ነው፣ መሳምም ነው፣ ስጦታም ነው። ዛሬ ሕዝቡ በዚያ ሰዓት ግራና ቀኝ እየዞረ እጅ ይነሣል እንጂ አይሳሳምም። ነገሩ ግን ያው ከሐዋርያት የመጣው የሰላም አሳሳም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይ፣ ምዕራፍ 16 ቁጥር 16፣ በተቀደሰ አሳሳም ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያዛል። እኛ አገር ወንድ ለወንድ መሳሳሙ ከየት መጣ ለሚል ሰው እኔ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው።

የእሑድን ሌሊት ጠብቅ።


መምህር በጡረታ (ደብረ ማርቆስ) — ዓርብ ምሽት

ከስግደት ገብቼ ነው ያየሁት። ጉልበቴ ቢደክምም ይህን ሳልመልስ አላድርም።

ልጄ፣ ዲያቆኑ የሕማማቱን ነገር በደንብ ነግሮሃል። እኔ ጥር ላይ የሆነውን ነገር ልንገርህ፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

«ስንት ጊዜ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው ሦስት ይልሃል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ለዘወትሩ ልክ ነው። ግን የእኛን ቋንቋ አድምጠው። «ሦስት ጊዜ ሳመው» ሲባል ሰምተሃል? «አገላብጦ ሳመው» ነው የሚባለው። እያገላበጡ፣ ናፍቆቱ እስኪወጣ ነው። የሚቆጥር ሰው የለም።

መሳሙ የሚለካው በተለያያችሁበት ጊዜ ነው። ይህን ለማወቅ ሰላምታችንን ብቻ ማየት ይበቃል። ትናንት ማታ የተለየኸውን ሰው «እንደምን አደርክ» ትለዋለህ፤ ሌሊቱን ነው የምትጠይቀው። ጠዋት ያየኸውን ማታ «እንደምን ዋልክ» ትለዋለህ። ቀናት ካለፉ «እንደምን ሰነበትክ» ይሆናል፤ ሰንበት በመካከላችሁ አልፏል። ወራት ሲሆን «እንደምን ከረምክ» ነው። ከረመ ማለት ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። የእኛን አገር ክረምት አስበው። ከጮቄ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ይሞላል። ድሮ ድልድይ ሳይኖር ከወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ ከሐምሌ እስከ መስከረም አይታይም ነበር። ሙላቱ ጎደል ሲል ሰው ይሻገርና ይገናኛል። ያኔ ነው መሳሳም ማየት! በሕይወት ከረምክ ወይ፣ ከብቶቹስ፣ ልጆቹስ፣ እናትህስ እያሉ በእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጉንጭ ነው። ጥያቄው ሲያልቅ ነው መሳሙ የሚያልቀው።

የገበያ ቀን ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ተመልከት። ጠዋት የተለያዩ ጎረቤታሞች ቆባቸውን ነካ አድርገው ይተላለፋሉ። ሳምንት የተለያዩት እጅ ለእጅ ይያያዙና አንድ ሁለት ጊዜ ይሳሳማሉ። አንዱ አህያውን ትቶ፣ ዱላውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ሌላውን አንገቱን ሲይዘው ካየህ ግን እነዚያ የከረሙ ናቸው።

አጎትህ ጋቢውን ያወረደው፣ ዱላውን ያዛወረውና ቆቡን ያወለቀው ለዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሊስምህ ነበር የተዘጋጀው። የወንድሙም ሐዘን ነበረበት። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እርሙን አላወጣም። የአንተ አክስት ያለችው ቃል ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ትከሻ መግጨትን አልነቅፍም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በ1983 ከገቡት ታጋዮች ነው። ከዚያ የከተማው ወጣት ወሰደው። በጓደኛሞች መካከል ያምራል። ግን ትከሻ ምንም አይጠይቅም። ተጋጭቶ ያልፋል።

አሁን ስለ አሳሳሙ። ማን ይጀምራል ላልከው ታላቁ ይመራል። ፊቱን ወዴት እንዳዘነበለ አይተህ ተከተለው። ጉንጭ ለጉንጭ ነው የሚነካካው። ቀኝ እጅህ እጁን እንደያዘ ይቆያል፤ በግራህ ትከሻውን ወይም ክንዱን ትይዛለህ። ኮፍያ ይወልቃል፣ በተለይ ጠርዝ ያለው። ዓይንህን ስልክህ ላይ አታድርግ። እሱ ሳይለቅህ አንተ አትልቀቅ። በጣም ትልቅ ሰው ከሆነ ወይም በድለኸው ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጉልበቱ ጎንበስ ትላለህ። ደግ ሰው ከሆነ ጉልበቱ ጋ ሳትደርስ ብብትህን ይዞ ያነሣሃል። የሚያነሣህ ይቅር ብሎሃል ማለት ነው።

በ2012 ኮሮና ሲገባ መጨባበጥም መሳሳምም ተከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ግን መቼም አይረሳኝም። ልጄ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እንኳን አደረሰህ አባባ» ብሎኝ ሄደ። ሕማማቱ አላልቅ አለ። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ብዙ ወጣት ወደ መሳሙ አልተመለሰም። ጥያቄህን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ረቡዕ ዕለት «እንደምን ከረምክ» ብሎሃል። የተቀየመ ሰው የእግዜር ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ይህ ሰው ወራቱን ቆጥሯል።


ባጃጅ የምነዳ (ባሕር ዳር) — ቅዳሜ ጠዋት

መምህር፣ ከአክብሮት ጋር አንድ ነገር ልበል። በትከሻ ሰላም የሚል ሁሉ ፍቅር የለውም ማለት አይደለም። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ስገናኝ ትከሻ ነው። አንዱ ሲታመም ግን ባጃጄን አቁሜ ሆስፒታል የማድረው እኔ ነኝ። አገላብጦ የሚስመኝ ዘመድ አለኝ፤ ስሞኝ ሲያበቃ እኔኑ ሲያማ የሚውል። ሰላምታው ከአንገት በላይ ከሆነ ጉንጭ ላይ ቢደረግ ምን ይጠቅማል?

ደግሞ የጤናውም ነገር አለ። ታላቅ እህቴ የሳንባ ነቀርሳ ታክማ ድናለች። በዚያ ጊዜ ቤታችን ሰው ሲመጣ ሁሉንም ስሞ ነበር የሚገባው። አትሳሟት ማለት ነውር ሆኖብን ተቸግረን ነበር። ጉንፋን ሲኖርብን «አሞኛል፣ አልስምህም» ማለት መልመድ አለብን። ይህ ጥላቻ አይደለም።

የወንድም ልጅ፣ አንተ ግን አጎትህን ሳመው። እኔም አያቴን ትከሻ አልሰጠውም።


መምህር በጡረታ (ደብረ ማርቆስ) — ቅዳሜ ጠዋት

እውነት ብለሃል ልጄ። የጤናውን ነገር ተቀብያለሁ። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እጅ እነሣለሁ። ጓደኛህን ስታስታምም ማደርህን ሳነብ ደግሞ መረቅሁህ።


ማርሴይ ያለሁ (የዳንግላ ልጅ) — ቅዳሜ ከሰዓት

እኔ ከአገር ከወጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ጀርመን ሰሜኑ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ የአገሬን ልጅ አገኘሁና እዚያው መተላለፊያው ላይ አገላብጬ ሳምኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አየን። አንዲት ሴትዮ ልጇን በእጇ ያዝ አደረገች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፊት መሳም ፈራሁ። ከአገሬ ልጅ ጋር ስገናኝ እንኳ ዙሪያዬን እቃኝ ነበር። እንዴት እንደሚያሳዝን ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ወደ ማርሴይ መጣሁ። ደቡብ ፈረንሳይ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ወንዱ ወንዱን ጉንጭ ለጉንጭ እያደረገ ሰላም ይላል። አብሳዩም፣ አስተናጋጁም፣ ከአልጄሪያ የመጡትም። «ላ ቢዝ» ይሉታል። ከንፈር ጉንጭ አይነካም፤ ጉንጭና ጉንጭ ይነካካና በአፍ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ሁለት ጊዜ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንደ አውራጃው አንድም፣ ሦስትም፣ አራትም የሚያደርጉ አሉ። የሚጀመርበት ጉንጭም ይለያያል። ስለዚህ እነሱም ቦታ ሲቀይሩ ይደናገራሉ። በሌላው የፈረንሳይ ክፍል ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ይጨባበጣሉ፤ መሳሙ በቤተሰብና በቅርብ ወዳጅ መካከል ነው የሚቀረው።

በሦስተኛው ሳምንት ዋናው አብሳይ እኔንም ጉንጬን ሰላም አለኝ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጺሙ የሚኮሰኩስ። ወደ ኋላ ዞሬ ሰሐን እያጠብኩ እንባዬ መጣ። ለካ ከአገር ከወጣሁ ወንድ ጉንጬን ነክቶት አያውቅም ነበር፤ ካንዱ የባቡር ጣቢያው ልጅ በቀር።

ዳንግላ አባቴ አለ። በየሳምንቱ በቪዲዮ እናወራለን። ሲሰናበተኝ ስልኩን ወደ ጉንጩ ያስጠጋዋል። እኔ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነው። አንተ የምትስመው ሰው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አለልህ።


የሞጣ እናት — ቅዳሜ ማታ

ከጉድ ጉዱ መካከል ነው የምጽፈው፤ ዶሮው ምድጃ ላይ ነው። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለሃል ልጄ። አያስፈልግም። ሽማግሌ የሚላከው የት እንደሆነ ልንገርህ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በወሰን ተጣላ። አንድ ጥማድ እንኳ ለማይሞላ መሬት ነው። አራት ዓመት አልተነጋገሩም። ቤታችን ጢሱ ከጢሳቸው ይቀላቀላል፣ ሰዎቹ ግን ቤተ ክርስቲያን እንኳ በየበኩላቸው በር ነበር የሚገቡት። ኋላ አገር ሽማግሌ ገባ። ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሴት ልጅ አትቀርብም ተብሎ እኔ ከእናቴ ጋር ከአጥሩ ሥር ሆኜ አየሁ። የተበደለው አባቴ ነው ተባለ። ጎረቤታችን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣ። አባቴ ድንጋዩን አነሣለት። ካሣው ተነገረ፣ ምርቃቱም ደረሰ።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ «በሉ ተሳሳሙ» አለ።

እሱ ነበር ከባዱ። ድንጋዩን ለማንሣት ያላመነታው አባቴ ያኔ ቆሞ ቀረ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ጠበቁ። ማንም አልገፋፋውም። ከዚያ ጎረቤታችን ቀረበና ጉንጩን ሰጠው፤ ሰጥቶት ቆመ። አባቴ ሳመው። አንዴ ከሳመው በኋላ ግን አልለቀቀውም። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። በዚያው ሳምንት በሬዎቻቸው አንድ ላይ አረሱ።

አንተና አጎትህ አልተጣላችሁም። ተላለፋችሁ እንጂ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አብረኸው ሂድ። በአጠገቡ ቁም።


የወንድም ልጅ — ማክሰኞ ማታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኔትወርክ እንቢ ብሎኝ ነው የዘገየሁት፤ አሁን ቢቸና ወጥቼ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ካህኑ ቃጭል እያንቃጨለ ቄጠማ ይዞ መጣ። ጋሼ ለሁላችን ተቀበለ። ለልጆቹ ግንባራቸው ላይ አሰረላቸው። ወደ እኔ ሲመጣ ራሴ ላሥር እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ራሱ ዙሪያውን ለክቶ ከኋላዬ ቋጠረልኝ። ጣቶቹ እንደ ድንጋይ የጠነከሩ ናቸው፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያሰረው። ከጥር ወዲህ የነካኝ ያኔ ነው።

ሌሊት አብረን ሄድን። የሞጣዋ እናት እንዳሉኝ አጠገቡ ቆምኩ። ጧፍ በየእጃችን ነበር። ካህናቱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለ። ቅዳሴው አልቆ ወደ ቅጥር ግቢው ስንወጣ ገና አልነጋም። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ድምፁ ጀመረ። መሳሙ ነው። ሳምንት ሙሉ የተያዘው ሁሉ አንድ ላይ ተለቀቀ። ሰው ሰውን ፊቱን ሳያየው በድምፁ እየለየ ይስማል። «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።» ሽማግሌዎቹ፣ ገበሬዎቹ፣ እረኞቹ፣ ሁሉም። የፈራሁት ነገር በዙሪያዬ መቶ ጊዜ ሲደረግ አየሁ።

ጋሼ ዱላውን ለልጁ ሰጠ። ቆቡን አወለቀ። እኔ ኮፍያ አልነበረኝም። መምህር እንዳሉኝ ወደ ጉልበቱ ጎንበስ አልኩ። ጉልበቱ ጋ አልደረስኩም። ብብቴን ይዞ ብድግ አደረገኝና ሳመኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጺሙ ይኮሰኩሳል። ጋቢው ጧፍና የምድጃ ጢስ ይሸታል። አንዱን ጉንጭ ሲስም «አንተን ያቆይልኝ» ይላል፤ ሌላውን ሲስም «እናትህ ደህና ናት?» ይላል። እንደገና ያገላብጠኛል። በመጨረሻ ጉንጩን ጉንጬ ላይ እንዳደረገ ዝም አለ። ፊቱ እርጥብ ነበር። «ጉንጭህ የእሱ ነው» አለኝ።

ወደ ቤት ስንወርድ ማውራት ጀመረ። አባቴ ትንሽ ልጅ እያለ ሙጋ ወንዝ ሲሞላባቸው በጀርባው አዝሎ ያሻገረው እሱ ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ አባቴ ፈርቶ አንገቱን አንቆ ያዘው። «እስካሁን እዚህ ጋ ይሰማኛል» ብሎ አንገቱን አሳየኝ። እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። አባቴም አልነገረኝም። ቤት ደርሰን ጾም ፈተን፣ ጠላው ተቀድቶ፣ እስኪነጋ ስለ እሱ ብቻ አወራን። እሑድም ሰኞም አልጨረሰም።

ጥር ላይ ስለሆነው ነገር ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርኩ። «የምን?» አለኝ። ሚስቱ ከምድጃው ዞር ብላ አየችኝና ሣቅ አለች።

ነገ ጠዋት ተመላሽ ነኝ። መናኸሪያ ድረስ ሊሸኘኝ ነው። ኮፍያዬን ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ።